ኤም አር አዩ የት እንዲያይ ማን ይነግረዋል? ስለ ነርቭ ምርመራ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ለተለማማጅ ሐኪሞችና ለጤና መኮንኖች የተዘጋጀ አንድ ጽሑፍ፣ ሐረር ውስጥ በማስተምርበት የውስጥ ደዌ ክፍል ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው የሥራውን ጫና የሚያውቁ ሐኪም መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ይታያል፤ ስለ ተመላላሽ ክፍሉ ወረፋ የጻፉት ሁሉ እውነት ነው። ዋናው ሐሳባቸው ግን በሽተኛ ላይ ጉዳት የሚያደርስ ሆኖ ስላገኘሁት ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ በኅብለ ሰረሰርና በአንጎል ግንድ (አንጎልን ከኅብለ ሰረሰር በሚያገናኘው ክፍል) ላይ የደረሰ ጉዳት የት እንዳለ በመዶሻ፣ በመርፌና በቱኒንግ ፎርክ (ሲመታ በሚነዝር ባለሁለት ጣት ብረት) መፈለግ ኤም አር አይ ከመምጣቱ በፊት የነበረ ሙያ ነው፤ ዛሬ እግሩ የደከመን ሰው የወገብ፣ ፊቱ የተጣመመን ሰው የጭንቅላት ምስል ማስነሣት ይበቃል። ለዚህም ስድስት ምክንያቶች ዘርዝረዋል። እኔም በየተራ እመልሳለሁ፤ አንዳንዱ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ በጥቂት መስመር ያልቃል፣ አንዱን ደግሞ በከፊል እቀበለዋለሁ።

የመጀመሪያው ነጥባቸው «ምስሉ ሁሉንም ያሳያል» የሚል ነው። ምስሉ የሚያሳየው የተነሣውን ቦታ ነው። የትኛው ቦታ እንዲነሣ የሚወስነው ማዘዣውን የሚጽፈው ሐኪም ስለሆነ፣ ሐኪሙ በሽተኛውን ካልመረመረ ማዘዣው ግምት ይሆናል። በሐረር አቅራቢያ ካለችው ከፈዲስ በኩል ልጃቸው ደግፎ ያመጣቸውን አንድ ማሽላ አራሽ አዛውንት እዚህ ላይ ላንሣ። ሁለት እግራቸው ከሁለት ወር በላይ ቀስ በቀስ እየደከመ መጥቶ፣ ሌላ ቦታ «የወገብ ዲስክ ተንሸራቷል» ተብለው፣ የወገብ ኤም አር አይ ለመነሣት በሬ ሸጠዋል። ልጃቸው ትልቁን ፊልም ከዝናብ ለመጠበቅ በፌስታል ጠቅልሎ በብብቱ ይዞታል። ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ቀና አድርጌ ስመለከተው፣ በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አከርካሪ መካከል ያለው ዲስክ በመጠኑ አብጧል፤ በእርሳቸው ዕድሜ ምንም ሕመም በሌለባቸው ብዙ ሰዎችም ላይ የሚገኝ ነገር ነው። ለእርሱ ተብሎ የታዘዘላቸውን ማስታገሻ ሲውጡ ሰንብተዋል።

አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጫቸው ከጉልበታቸው ሎሚ ሥር ያለውን ጅማት በመዶሻ ብነካው እግራቸው ወደ ፊት ተወረወረ። የእግራቸውን መዳፍ በፍጥነት ወደ ላይ ገፋ አድርጌ ስይዘው ቁርጭምጭሚታቸው መንቀጥቀጡን አላቆም አለ። ውስጥ እግራቸውን ከተረከዝ ጀምሬ በውጭው ጠርዝ በኩል በቁልፍ ጫፍ ስጭረው አውራ ጣታቸው ቀስ ብሎ ወደ ላይ ቀና። ይህ ጆሴፍ ባቢንስኪ እ.ኤ.አ. በ1896 የገለጸውና በስሙ የሚጠራው፣ ከአንጎል የሚወርደው የእንቅስቃሴ መስመር መጎዳቱን የሚያሳይ ምልክት ነው። ከዚያም ዓይናቸውን አስጨፍኜ የመርፌ ጫፍ ከእግራቸው ወደ ላይ እየነካሁ ስወጣ፣ ከደረት አጥንታቸው ጫፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ «አሁን ወጋኝ» አሉ፤ በጎንና በጀርባ ስሞክረውም ድንበሩ በዚያው ዙሪያ ሄደ። በመጨረሻ ጣቴን በጀርባቸው አከርካሪ ላይ ከላይ ወደ ታች ሳንሸራትት በሁለቱ ትከሻ አጥንቶች መካከል ትንሽ ጉብታ ላይ ደረሰ፤ በቡጢዬ ጎን መታ ባደርገው ፊታቸውን አጨፈገጉ።

በአዋቂ ሰው ኅብለ ሰረሰር የሚያበቃው በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አከርካሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ያለው እንደ ፈረስ ጭራ የተበተነ የነርቭ ሥሮች ጥቅል ብቻ ነው። የነርቭ ሥር ሲጎዳ ሪፍሌክስ (ጅማት ሲመታ ጡንቻ በራሱ የሚሰጠው ምላሽ) ይቀንሳል ወይም ይጠፋል፤ ሪፍሌክስን አያጋግልም (ከልክ በላይ አያበረታም)፣ አውራ ጣትንም ወደ ላይ አያነሣም። ስለዚህ በአራተኛው የወገብ ዲስክ ላይ ምንም ያህል ትልቅ ችግር ቢገኝ እኚህ አባት ላይ ያየሁትን ሊያመጣ አይችልም፤ በሽታው ከዚያ በላይ መሆኑን ምንም ማሽን ሳይነካቸው እናውቃለን። የደረታቸው ክፍል ሲነሣ አራተኛውና አምስተኛው የደረት አከርካሪ በበሽታው ተበልተው፣ መግል ኅብለ ሰረሰሩን ተጭኖት ተገኘ። የአከርካሪ ቲቢ ነበር፤ በአገራችን የሁለት እግር ሽባነትን ከሚያመጡ በሽታዎች አንዱ፣ ፐርሲቫል ፖት የተባለው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1779 የገለጸው፣ ታክሞ የሚድን በሽታ። የበሬው ዋጋ የወጣበት ምስል ስሕተት አልነበረበትም፤ የታዘዘውን ቦታ በትክክል አሳይቷል።

በዚሁ ነጥብ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ኅብለ ሰረሰር ታሞ ምስሉ ንጹሕ ሆኖ የሚመጣበት ጊዜም አለ። በሰሜን ኢትዮጵያ በድርቅ ዘመን ጓያ ለወራት ዋና ምግባቸው የሆነባቸው ሰዎች እግራቸው ተገትሮ በጣታቸው ጫፍ ሲራመዱ ይታያሉ፤ ሪፍሌክሳቸው የጋለ፣ ባቢንስኪያቸው ወደ ላይ ነው፤ የመርፌ ውጋት ግን በሚገባ ይሰማቸዋል፣ ሽንታቸውም በአብዛኛው አይታወክም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ደግሞ ንዝረትንና የመገጣጠሚያን አቀማመጥ የሚያስተላልፈውን የኋላ መስመር ከእንቅስቃሴው መስመር ጋር አብሮ ስለሚጎዳ፣ በብዙዎች ላይ የቁርጭምጭሚት ሪፍሌክስ ጠፍቶ አውራ ጣት ወደ ላይ ሲቀና እናያለን። እነዚህን ሰዎች ብዙ ጊዜ ከፊልም ላይ አናገኛቸውም። የሚገኙት የትኛው መስመር ተነክቶ የትኛው እንደተረፈ በመለየት ነው።

ሁለተኛው ነጥብ አጭር ነው፤ ግን ቀጥተኛ ስሕተት አለበት። ጸሐፊው የስሜት ድንበርን ጨርሶ ላለመጣል ሲሉ «ድንበሩ እምብርት ላይ ከሆነ አሥረኛውን የደረት አከርካሪ አስነሡ» ብለዋል። እምብርት የደረት 10 የነርቭ ክፍል ድርሻ መሆኑ ልክ ነው፤ የጡት ጫፍ የደረት 4፣ ብሽሽት የወገብ 1 እንደሆነው ሁሉ። ይሁን እንጂ በዕድገት ጊዜ አጥንቱ ከኅብለ ሰረሰሩ በልጦ ስለሚረዝም የኅብለ ሰረሰሩ ክፍልና ተመሳሳይ ቁጥር ያለው አከርካሪ ጎን ለጎን አይገኙም። በአንገት ላይ ልዩነቱ አንድ ያህል ነው፤ በላይኛው ደረት ሁለት፣ ከዚያ ዝቅ ሲል ሦስት ይሆናል። የአሥረኛው የደረት አከርካሪ ከፍታ ላይ የሚገኘው የወገብ 1 እና 2 ክፍል ሲሆን፣ በመጀመሪያው የወገብ አከርካሪ አካባቢ ደግሞ የመቀመጫና የፊኛ ነርቮች መነሻ የሆነው ጫፉ ነው። ስለዚህ ድንበሩ እምብርት ላይ የሆነ በሽተኛ አሥረኛው አከርካሪ ብቻ ቢነሣ፣ ዕጢው ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ላይ ተቀምጦ ከፊልሙ ውጭ ሊቀር ይችላል።

ከዚህ የሚብሰው የስሜት ድንበር ከጉዳቱ በብዙ ክፍል ዝቅ ብሎ የሚገኝበት ጊዜ መኖሩ ነው። የሕመምና የሙቀት መስመር በኅብለ ሰረሰሩ ውስጥ ሲወጣ ከእግርና ከመቀመጫ የሚመጣው ወደ ውጭ፣ ከእጅ የሚመጣው ወደ ውስጥ ሆኖ ይደረደራል። ከውጭ የሚጫን ዕጢ ወይም መግል መጀመሪያ የሚያገኘው የእግሩን ነው፤ ድንበሩም በሽታው በገፋ ቁጥር ወደ ላይ ይወጣል። አንገቱ ላይ ግፊት ያለበት ሰው ለወራት «ከእምብርቴ በታች ደነዘዘኝ» ሲል ሊቆይ ይችላል። ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ይህን ነው፦ ያገኛችሁት ድንበር የወለሉን ከፍታ ይነግራችኋል፤ ጉዳቱ እዚያው ወይም ከዚያ በላይ ነው። እጆቹንም ሳትመረምሩ ደረቱን ብቻ አታስነሡ። ከእጅ አንጓ ከፍ ብሎ በአውራ ጣት በኩል ያለው አጥንት በመዶሻ ሲመታ ክርን ሳይታጠፍ ጣቶች ብቻ ከተጨበጡ፣ የክንድ ሦስት ራስ ጡንቻ ሪፍሌክስም ከጋለ፣ የተጎዳው የአንገት 5 እና 6 ክፍል መሆኑን እጁ ራሱ ተናግሯል።

በሦስተኛው ነጥብ «እግሩ የላላና ሪፍሌክሱ የጠፋ በሽተኛ ችግሩ ከኅብለ ሰረሰር ውጭ ያለ ነርቭ ነው» ተብሏል። ቀስ በቀስ ለመጣ ድክመት ይህ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ድንገት ለመጣ ድክመት ግን አደገኛ ምክር ነው፤ ምክንያቱም ኅብለ ሰረሰር ባንድ ጊዜ ሲጎዳ ከጉዳቱ በታች ያለው ሁሉ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ዝም ይላል፣ ጡንቻውም ሪፍሌክሱም ፊኛውም። መገተሩና መጋሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚያወጣው የደንገጎ ጠመዝማዛ ላይ መኪና ተገልብጦ የሚመጣልን ወጣት ሁለት እግሩ እንደ ጨርቅ የላላ ሆኖ ይገኛል። የደም ግፊቱ ወርዷል፣ ሁሉም ሰው ደም የሚፈስበትን ቦታ ይፈልጋል፤ እንደዚያ መፈለጉም ተገቢ ነው። ነገር ግን ደም የሚፈሰው ሰው የልብ ምቱ ይፈጥናል፣ ቆዳውም ይቀዘቅዛል። የዚህኛው ምት ቀርፋፋ፣ እግሩ የሞቀ ከሆነ፣ የአንገቱ ወይም የላይኛው ደረቱ ኅብለ ሰረሰር የደም ሥሮቹን መቆጣጠር አቅቶታል ማለት ነው። ሁለቱ አብረው ሊመጡም ይችላሉና አንዱን ማግኘት ሌላውን መፈለግ አያስቀርም።

ለመለየት የሚያገለግለው ድንበሩና ፊኛው ነው። ከኅብለ ሰረሰር ውጭ ያሉትን ነርቮች በሚያጠቃውና ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ በሚወጣው የጊያን ባሬ በሽታም ሪፍሌክስ ይጠፋል፤ ነገር ግን እዚያ ሆድ ወይም ደረት ላይ የተሰመረ የስሜት ድንበር አናገኝም፣ ሽንት በአብዛኛው አይታገድም፣ ፊት በሁለቱም ጎን ሊደክም ይችላል። አንድ የፊንጢጣ ምርመራ፣ ከእምብርት በታች በእጅ የሚዳሰስ የተወጠረ ፊኛ፣ አንድ መርፌ፤ ጸሐፊው «ያለፈበት» ያሉት መሣሪያ ይህ ነው።

አራተኛው ነጥብ ከሁሉ ያሳሰበኝ ነው። «ዌበር፣ ሚያር-ጉብለር፣ ዋለንበርግ እያሉ የአንጎል ግንድ በሽታዎችን በአውሮፓውያን ስም ማስጠናት ለፈተና ካልሆነ አይጠቅምም» ብለዋል። ስሞቹን ብቻ መሸምደድ የማይጠቅም መሆኑን እስማማለሁ። ከስሞቹ በስተጀርባ ያለው ሥርዓት ግን ለድንገተኛ ክፍል ሐኪም እጅግ አስፈላጊ ነው።

ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ከምድር ባቡሩ ጋር የተቆረቆረች ከተማ ናትና በሐዲዱ ላስረዳ። ከጅቡቲ የተነሣ ባቡር ሳይደርስ ቢቀር መስመሩ መቋረጡን እናውቃለን፤ የት እንደተቋረጠ ግን አናውቅም። አይሻ ደርሶ ነበር፣ አዲጋላ ግን አላዩትም፣ ሽንሌም የለም ሲባል ቦታው ይታወቃል። በአንጎል ግንድ ውስጥ ከአንጎል ወደ እጅና እግር የሚወርደው የእንቅስቃሴ መስመር ሐዲዱ ነው፤ ወደ ዓይን፣ ወደ ፊትና ወደ ጉሮሮ የሚሄዱት የራስ ነርቮች ጣቢያዎቹ ናቸው። ሦስተኛውና አራተኛው ነርቭ ከላይ በመካከለኛው አንጎል፣ ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው ከመሐል በፖንስ፣ ከዘጠነኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ከታች በሜዱላ ይገኛሉ። የእንቅስቃሴው መስመር ወደ ሌላው ጎን የሚሻገረው ከሜዱላ ግርጌ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ ያለ ጉዳት የራስ ነርቩን በራሱ ጎን፣ እጅና እግሩን በተቃራኒው ጎን ያደክማል። የቀኝ ዓይን ቆብ ወድቆ፣ ብሌኑ ሰፍቶ፣ የግራ እጅና እግር ከሰነፈ ጉዳቱ ቀኝ መካከለኛ አንጎል ላይ ነው፤ ሄርማን ዌበር እ.ኤ.አ. በ1863 የጻፈው ይህን ነው። የቀኝ ፊት ግንባሩን ጨምሮ ከደከመ፣ ቀኝ ዓይንም ወደ ውጭ አልሄድ ካለ፣ በግራ በኩል እጅና እግር ከሰነፉ ጣቢያው ፖንስ ነው። እንዲህ የተሻገረ ምልክት ያለበት ሰው «ስትሮክ ነው» ብቻ ተብሎ መተው የለበትም።

የግንዱ ከፍታ በራስ ነርቮች ከታወቀ በኋላ ወደ መሐል ነው ወይስ ወደ ጎን የሚለው ይቀራል። የእንቅስቃሴውና የመገጣጠሚያ ስሜቱ መስመር በተለይ በሜዱላ ወደ መሐሉ ይጠጋሉ፤ የሕመምና የሙቀት መስመር፣ የፊት ስሜት ክፍል፣ የዓይንን ብሌን የሚያሰፋው ነርቭና ወደ ትንሹ አንጎል የሚሄደው መስመር ወደ ጎኑ ናቸው። ይህን የሚያውቅ ሐኪም እጅና እግሩ ምንም ያልሰነፈ ስትሮክ ሊኖር እንደሚችል ያውቃል።

ከድሬዳዋ መጋላ የመጣ አንድ ነጋዴ በዚህ እውቀት ማጣት ሊሞት ነበር። ድንገት ዞሮበት አስመልሶት፣ ሲቆም ወደ ግራ እየወደቀ፣ ድምፁ ጎርንኖ፣ ለሁለት ቀን ያልቆመ ስርቅታ ይዞት ነበር። በአንድ ቦታ የጆሮ ሕመም ነው ተባለ፤ ስርቅታው ደግሞ ለጨጓራ ተሰጠ። የጭንቅላት ሲቲ ስካን ተነሥቶ «ንጹሕ ነው» ተብሏል፤ ሲቲ ስካን በዙሪያው ያለው ወፍራም አጥንት ምስሉን ስለሚያደበዝዘው በአንጎል ግንድ ላይ ያለ አዲስ ስትሮክን ብዙ ጊዜ እንደማያሳይ ማንም አልነገረውም። እጁንም እግሩንም በሙሉ ኃይል ስለሚያንቀሳቅስ ስትሮክ የሚለው ሐሳብ ለማንም አልመጣለትም።

በመብራት ስመለከተው ግራ ዓይኑ ቆብ በትንሹ ዝቅ ብሏል፣ የግራ ብሌኑም ከቀኙ ያነሰ ነው። አፉን ከፍቶ «አ» ሲል እንጥሉ ወደ ቀኝ ተጎተተ። በግራ ጣቱ አፍንጫውን ንካ ብለው ጉንጩን መታ። ከዚያ ከፍሪጅ የወጣ የውኃ ጠርሙስ አምጥቼ ግራ ጉንጩ ላይ አስጠጋሁት፤ «ምንም» አለ። ቀኝ ጉንጩ ላይ ሲደርስ ሸሸ። ቀኝ ክንዱ ላይ ሳስጠጋው «ይሄም አይቀዘቅዝም» አለና ራሱ ተገርሞ ጠርሙሱን ከእጄ ወስዶ ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው ያመላልሰው ጀመር። ፊቱ በግራ፣ አካሉ በቀኝ፤ እነዚህ ሁሉ ምልክቶች የሚገናኙበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የሜዱላ ግራ ጎን ነው። አዶልፍ ዋለንበርግ እ.ኤ.አ. በ1895 የገለጸው ይህ ነው፤ መነሻውም ብዙ ጊዜ በአንገት አከርካሪ ውስጥ የሚያልፈው የደም ሥር ወይም ቅርንጫፉ መዘጋት ነው።

ስሙን ማወቁ ለምን ጠቀመ? እዚያው ቦታ የመዋጥ ነርቮች መነሻ ስላለ ነው። ቤተሰቡ በፔርሙስ ሻይ ይዘው አልጋው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ አንድ ጉንጭ በወሰደ ቁጥር እርጥብ ሳል ያስለዋል፣ ድምፁም ውኃ ውስጥ እንዳለ ይሆናል። ሻዩ ወደ ሳንባው እየገባ ነበር። በአፉ ምንም እንዳይሰጠው ተከልክሎ ምግብ በአፍንጫ ቱቦ ተደረገለት። ይህ ውሳኔ ኤም አር አይ እስኪገኝ ቢጠብቅ ኖሮ ሳንባው እስከዚያ አይቆይም ነበር።

አምስተኛው ነጥብ «ምልክቶች ያሳስታሉ» ይላል፤ ከፊሉን የምቀበለው ይህን ነው። ስድስተኛው የራስ ነርቭ በራስ ቅል ውስጥ ረጅም መንገድ ስለሚሄድ የአንጎል ውስጥ ግፊት ሲጨምር ፖንስ ምንም ሳይሆን ሊደክም ይችላል። ጄምስ ከርኖሃንና ሄንሪ ዎልትማን እ.ኤ.አ. በ1929 እንዳሳዩት፣ በአንድ ጎን ያለ ዕጢ መካከለኛውን አንጎል ወደ ማዶ ገፍቶ ከጠንካራው ሽፋን ጠርዝ ጋር ሲያጋጨው ድክመቱ ዕጢው ባለበት ጎን ላይ ይመጣል። ዝቅ ያለውን የስሜት ድንበርም ከላይ አንሥቻለሁ። ነገር ግን እነዚህን ማሳሳቻዎች ያገኟቸው፣ ምክንያታቸውንም ያስረዱት በሽተኛን በእጃቸው የመረመሩ ሐኪሞች ናቸው። ሁለቱም ዓይኖች ወደ ውጭ መሄድ ካቃታቸውና በዓይን መመልከቻው የዓይን ነርቩ ራስ አብጦ ከታየ፣ ፖንስን መጠርጠር ትተን ግፊቱን እንፈልጋለን። ሊያሳስት የሚችል ምልክት በሌላ ምልክት ይታረማል፤ ጸሐፊው እንዳሉት ምርመራውን በመተው አይታረምም።

የመጨረሻው ነጥብ ስለ ጊዜና ስለ ቋንቋ ነው። «በቀን ስልሳ ሰው የሚያይ ሐኪም ለአንድ ሰው የነርቭ ምርመራ ሰዓት የለውም፤ ሕዝቡም ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ ስለሚናገር ስሜቱን በአማርኛ ሊገልጽልን አይችልም» ብለዋል። ሙሉ ምርመራ ለሁሉም አያስፈልግም። እግሩ ለደከመ ሰው ግን የሚያስፈልገው ከአምስት ደቂቃ ብዙ አይዘልም፦ ሲገባ አረማመዱን ማየት፣ አራት ሪፍሌክስ፣ ሁለት አውራ ጣት፣ ከእግር ወደ ላይ አንድ መርፌ፣ አከርካሪውን በጣት መዳሰስ፣ ስለ ሽንት መጠየቅ። ያ ባለመደረጉ ለፈዲሱ አዛውንት የጠፋው ጊዜ በወር የሚቆጠር ነበር።

ስለ ቋንቋው፣ በሐረርና በድሬዳዋ የሚሠራ ሐኪም «ወጋህ? ይቀዘቅዛል? የት ጀመረ?» የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች በየቋንቋው መማር የሚያቅተው አይመስለኝም፤ ነርሶቻችን ደግሞ ከእኛ የተሻለ ያውቋቸዋል። ከዚህም ሌላ ቃል የማይጠይቁ ምልክቶች አሉ። አንዱን ቆላው ራሱ ሰጥቶናል። ኅብለ ሰረሰሩ ክፉኛ የተጎዳ ሰው ከጉዳቱ በታች ላብ ማላብ ሊያቆም ስለሚችል፣ በድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ ሙቀት የእጄን ጀርባ ከደረቱ ወደ ሆዱ ሳንሸራትት እርጥቡ ቆዳ በድንገት ደረቅ የሚሆንበት መስመር ያጋጥመኛል። ራሱን ለሳተ ሰው እንኳ ይሠራል። በየሰዉ ላይ አይገኝም፤ ሲገኝ ግን ከመርፌው ድንበር ጋር ብዙ ጊዜ ይቀራረባል። ያው ሙቀት ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል፦ በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ለቅዝቃዜ ምርመራ የሚመከረው የቱኒንግ ፎርክ ብረት ሐረር ላይ ጠዋት ቢቀዘቅዝም ድሬዳዋ ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ከቆዳ ጋር እኩል ይሞቃል፤ ያን ጊዜ «አይቀዘቅዝም» ያለ በሽተኛ ልክ ነው፣ የተሳሳትነው እኛ ነን። የጠርሙስ ልማዴ የመጣው ከዚህ ነው።

ሕመምና ሙቀት ጠፍቶ ንክኪ የሚተርፍበትን ጉዳት አንዳንዴ ወጥ ቤት ቀድሞ ያገኘዋል። ምጣድ ላይ እጇ ተቃጥሎ ሽታው ሲመጣ ብቻ ያወቀች እናት መጥታ፣ የጥጥ ንክኪ በደንብ እየተሰማት መርፌው ግን ከሁለቱ ትከሻዎቿ እስከ ጣቶቿ የማይወጋት ከሆነ፣ በአንገቷ ኅብለ ሰረሰር መሐል ላይ ክፍተት መኖሩን መጠርጠር አለብን። ነርቭን ከኅብለ ሰረሰር ውጭ የሚጎዳው የሥጋ ደዌም እንዲሁ ሳያሳምም ያቃጥላል፤ ከሐረር ብዙ በማይርቀው፣ በሥጋ ደዌ ሕክምና በሚታወቀው ቢሲዲሞ ሆስፒታል የሠራ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። እዚያ የክርን ነርቭ ወፍሮ በጣት ይዳሰሳል፣ የደነዘዘው ቦታ የነርቩን ወይም የቆዳውን ነጭ ምልክት ተከትሎ ይሄዳል፣ አውራ ጣትም ወደ ላይ አይቀናም። ክፍተቱ ያለባት እናትም የሥጋ ደዌ ያለባት እናትም የሚሉት «እጄ ተቃጠለና አልተሰማኝም» ነው፤ አንደኛዋ የአንገት ኤም አር አይ፣ ሌላዋ ለወራት የሚወሰድ መድኃኒት ያስፈልጋታል።

ጸሐፊው ኤም አር አይ በብዛት ይምጣልን ሲሉ አብሬያቸው ነኝ። እስከዚያው፣ ሲመጣም በኋላ፣ የማዘዣ ወረቀቱ ላይ «የእግር ድክመት፣ ወገብ ይነሣ» ተብሎ እንዳይላክ እጠይቃለሁ። ለፈዲሱ አዛውንት ሁለተኛው ማዘዣ እንዲህ ነበር የተጻፈው፦ «ሁለት ወር የቆየ የሁለት እግር ድክመት፤ የጋለ ሪፍሌክስ፣ ባቢንስኪ በሁለቱም፤ የመርፌ ድንበር ደረት 7፤ በትከሻ አጥንቶች መካከል የሚያም ጉብታ፤ ኅብለ ሰረሰር ላይ ግፊት አለ ወይ? ደረትና አንገት ይነሣ።» ምስሉን የሚያነበው ባልደረባችን ወረቀቱን አይቶ ማሽኑን ያዞረው በቀጥታ ወደዚያ ጉብታ ነው። የቲቢ መድኃኒታቸውን የጀመሩት በዚያው ሳምንት ሲሆን፣ አምስተኛው ወር ላይ ለክትትል ሲመጡ ፊልሙን የያዘው ልጃቸው ከኋላ ነበር፤ እርሳቸው ከፊት በከዘራ እየተራመዱ ገቡ።